የሰባተኛው ጉድጓድ አንገት

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ጉድጓድ እለካለሁ። ሰባት ጉድጓዶች አሉኝ። ስድስቱ የውሃ መሥሪያ ቤታችን በማሽን ያስቆፈራቸው፣ ክዳናቸው በቁልፍ የሚዘጋ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ናቸው። ሰባተኛው ግን የአክስቴ ነው። በምሥራቁ ሰፈር የየግቢው ጉድጓድ አንድ በአንድ ሲደርቅ፣ የእሷ ከሁሉም ጠልቆ የተቆፈረ ስለነበር እታች ትንሽ ውሃ ቀረው። መሥሪያ ቤቱም የሰፈሩን ከርሰ ምድር የሚያይበት ዓይን አድርጎ መረጠውና ቁጥር ሰባት ብሎ መዘገበው።

ወደ መሬት የምንሰደው ውሃ ከሁለት ቦታ ይመጣል። ከእኛ ግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ባሕሩ ዳር፣ የባሕር ውሃን ጨው የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሰው ብዙ ስለማይጠጣ ከፋብሪካው ውሃ ይተርፋል። ሁለተኛው የከተማው ሰው የታጠበበት ነው፤ ተጣርቶና ታክሞ ይላካል። ሁለቱም በቧንቧ መጥተው ከኮረብታው ጀርባ ባሉት የአሸዋ ገንዳዎች ይለቀቃሉ። ገንዳዎቹ ውሃ እንዲይዙ አልተሠሩም፤ እንዲያሰርጉ እንጂ። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ወደ ታች ይወርድና ከእኛ በፊት የነበሩት ቀድተው የጨረሱትን ይተካል። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ከዚያው ይቀዳል። ኮሌጅ ያስተማሩን አንድ መምህር ፀሐይ የማትሰርቀው ጎተራ ይሉት ነበር።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ ግን ሌላ ስም አለው። መለኪያዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ባለፍኩ ቁጥር ከባንኮኒው ጀርባ ይጮኻል።

«ዛሬስ ምን አመጣህልን? የከተማ ሰው እግሩን የታጠበበትን?»

«ታክሞ እኮ ነው የሚመጣው።»

«ታክሞ! እኔ ስንት ዓመት ታክሜ መቼ ዳንኩ?»

ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ግን እሱም ቢሆን ቀኑን እየቆጠረ እንደሆነ አውቃለሁ። ከገንዳዎቹ የእኛን ሰፈር ለሚመግበው ለምሥራቁ ገንዳ የተሰጠው የሙከራ ጊዜ አንድ ዓመት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የቁጥር ሰባት ውሃ ቢያንስ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ካላለ የምሥራቁ ቧንቧ ይዘጋል፤ ውሃው በሙሉ ወደ ምዕራቡ ሰፈር ይዞራል። ይህን የሚወስነው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በመጪው ሰኞ ነበር።

የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። ሥራውን አግኝቼ ስመጣ ቤት ልከራይ ብላት፣ «እናትህ ሰምታ አንገቴን እንድትቆርጠው ነው?» ብላ ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። ባሏን ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበሩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚቀዳላቸው። ልጃቸው ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቧንቧው ከተዘጋ ወስዳ ልታኖራቸው ክፍል አዘጋጅታለች፤ መጋረጃውንም ሰቅላለች።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልሠራ ነው?» ይላሉ ጋሼ። «እንደ ርግብ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ልቁጠር?»

አክስቴ ስለ መጋረጃው ሲነሳ መልስ አትሰጥም። እንዲያ ስትሆን ነገሩን ቆርጣ እንደጨረሰች ነው የሚቆጠረው።

ያን ሐሙስ መለኪያውን ወደ ጉድጓዱ ለቀቅኩ። መለኪያው ጫፉ ላይ ብረት ያለው ረጅም ሜትር ነው፤ ብረቱ ውሃ ሲነካ ከላይ ጢጥ ይላል። ጢጥ ሲል ሜትሩን ከጉድጓዱ አንገት ላይ አነበብኩት። አንገት የምንለው ከመሬት በላይ ያለውን ክብ የድንጋይ ግንብ ነው። አሥራ ስምንት ሜትር ከሃምሳ ሁለት።

አክስቴ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ስንት ሆነ?»

«ካለፈው ሐሙስ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ እንደዚህ ተቋጠረ?»

«ዓመቱ ሲጀመር አሥራ ስምንት ከሃያ ነበር። አሁንም ከዚያ በሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ ነው። ከፍ ሊል ሲገባው ወርዷል ማለት ነው።»

«መለኪያህ ይዋሻል» አለች።

«መለኪያ ምን ሊያገኝ ይዋሻል?»

«እኔ እንጃለት። ይኸውልህ፣ ይህንን እይ።» እጇን ከሳፋው አውጥታ አሳየችኝ። እስከ ክንዷ ድረስ አረፋ ነበር። «አምና በዚህ ውሃ ሳሙና ስታሽበት እንደ እርጎ ይቋጠር ነበር እንጂ አረፋ አይወጣውም። ጨዉ እየሸሸ ነው። ውሃው መጥቷል ብዬሃለሁ። እኔ ባልማር እጄ ያውቃል።» ከዚያ ባልዲውን ልትስብ ተነሳችና እንደ ዋዛ ጨመረችበት፤ «ወገቤም ቢሆን ድኗል። ጋሼህ አንገቱን ከፍ ካደረገልኝ ወዲህ ቀና ብዬ ነው የምስበው።»

ሜትሩን እየጠቀለልኩ ነበር። ቆምኩ።

«ምኑን ከፍ ካደረጉልሽ?»

«የጉድጓዱን አንገት ነዋ። ድሮ እስከ ጉልበቴ ነበር፤ አጎንብሼ ስስብ ወገቤ ሊቆረጥ! ውሃው ሲመለስ እንደ ድሮው አትጎነበሺም ብሎ ሠራልኝ። ያኛው ለኪ ተዛውሮ አንተ ሳትመጣ በፊት።»

ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቀዳሚው ለኪ ከተዛወረ በኋላ እኔ እስክቀጠር አምስት ሳምንት ማንም አልለካም። ከዚያ እኔ ስጀምር ውሃው በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ አገኘሁት። ሙቀቱ የበረታበት ወር ስለነበር ሰው ብዙ ቀድቶ ይሆናል ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ውሃው ግን አልወረደም ነበር። ከፍ ያለው እኛ የምናነብበት ድንጋይ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የራሴ ጥፋት ነበር። መዝገቡ ላይ «መነሻ፦ በሰሜን በኩል ባለው የአንገቱ ድንጋይ ላይ በመሮ የተቀረጸ የመደመር ምልክት» የሚል ተጽፎ ነበር። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ምልክቱን ፈልጌ አጣሁት። ገመድ ፈግፍጎት ይሆናል ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በሰሜን በኩል በቀይ ቀለም የራሴን ሰረዝ አሰመርኩ። ጎበዝ ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ቁጥር ላይ ግን አንዲት ነጥብ የማታልፍ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«የምትኖረው የት ነው?» አለችኝ።

«እዚያው፣ አክስቴ ቤት።»

«እራትህስ?»

«እዚያው።»

«እና ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቆሜ፣ ለኪያችን አክስቱ ቤት እራት ሲበላ ግንቡ ከግማሽ ሜትር በላይ አድጎ እንደነበር ትዝ አለው ልበል?»

«እውነቱ ግን እሱ ነው» አልኩ።

«አልተቆጣሁህም» አለች። «ግን ምዕራብ ያለውም ሰው ነው። እሱም ጉድጓዱ ደርቋል። ያንተን ዘመዶች ቃል ሰምቼ የእነሱን ውሃ አላስቀርም። ምልክቱን አሳየኝ። ድንጋዩ ላይ ያለውን የመደመር ምልክት። ካሳየኸኝ ራሴ መጥቼ ራሴ እለካለሁ።» ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው። «ቀዩን ቀለም የቀባኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ እሱን ጻፈው።»

ጻፍኩት። አራት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ለጋሼ እንዴት እንደምነግራቸው ከመንገዱ ጀምሮ ሳሰላስል ቆይቼ፣ እንደደረስኩ ግን እንዲያው ዘረገፍኩት። ጋሼ ግቢው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጉድጓዱን ያዩ ነበር።

«ይፍረስ ነው የምትለው» አሉ።

«የሰሜኑን በኩል ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ክብ ግንብ ሰሜን የለውም። አንዷን ነቅለህ ሌሎቹን ቁሙ አትላቸውም፤ ሁሉም ይላላል።» «ደግሞ እኔ ምልክት አላየሁም። ማልታው እንዲይዝልኝ የድሮውን ድንጋይ ፊት በመሮ ነክሼዋለሁ።»

ማልታ ድንጋይና ድንጋይ የሚያጣብቀው የስሚንቶ ጭቃ ነው። መንከስ ደግሞ ድንጋዩን በመሮ እየጠቀጠቁ ማሻከር።

«ሁሉንም ድንጋይ ነክሰውታል?»

«የአርባ ዓመት ግንበኛ ግማሹን ነክሶ ግማሹን ይተዋል?»

«እንግዲያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላላ!»

«ሊሆን ይችላል። አፍርሰነውም ባዶ ልናገኘው እንችላለን ማለት ነው።» ሁለት እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ። በአየር ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገቡ ነበር። «ያን ስሠራ ገና ጥቂት ይታዘዙኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀመጥኩም። ከፈረሰ ማን ነው መልሶ የሚሠራው? አንተ?»

የመለሰችው አክስቴ ናት። የታጠበውን ልብስ ከገመዱ እየለቀመች፣ ወደ እኛ ሳትዞር።

«የተሠራው ለማን ወገብ ነው?»

«ላንቺ» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያው ባለቤቷ እኔ ነኝ። ይፍረስ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀላል አድርገሽ—»

«ቀላል ነው አልኩ? እዚሁ ጎንብሼ እስባለሁ አልኩ እንጂ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቀና ብዬ ከምኖር።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ የመሮ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ጋሼ አንገቱ ሥር ተንበርክከው ነበር። መሮው በያዙት ቁጥር ይንሸራተታል። ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ዘወር በል። የገነባው ነው የሚያፈርሰው።» ከዚያ ወደ ቤቱ ጮኹ። «ሴትዮ! ጨርቅ አምጪልኝ!»

አክስቴ ከአሮጌ ነጠላ ላይ ቀድዳ አመጣችና መሮውን ከግራ እጃቸው ጋር አሰረችው፤ እንደ ቁስል አዙራ አዙራ፣ በጥርሷ ቋጠሮውን አጠበቀችው። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ መሮው ግን አልወደቀም። መዶሻውን እኔ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ብመታስ?»

«ለራስህ እዘን። እኔን ብትመታ የምትዳኝህ እሷ ናት።»

እሷም ከኋላችን ጠመኔ ይዛ ቆማ የሚነቀለውን ድንጋይ ሁሉ ቁጥር ትጽፍበት ነበር፤ መልሶ ሲሠራ ቦታው እንዳይጠፋ። እንደሚሠራ ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። እስከ ከሰዓት ድረስ ጋሼ ከጨመሩት ረድፎች አሥራ አንድ ድንጋይ አወጣን። ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር።

«መንግሥት ያላፈረሰውን ቤት ራሳችሁ ታፈርሳላችሁ?» አለ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ ተሸከመ።

በመጨረሻ በሰሜን በኩል፣ ከድሮው ድንጋይ ላይ የተቀመጠው አንድ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ጋሼ መሮውን ደገኑ። እኔ መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ?»

«ይሄኛው ዛሬ አይነሳም፣ ጋሼ። ኃላፊዋ ሳታይ ከተነሳ፣ ምልክቱን ያገኘነው ሳይሆን የቀረጽነው ነው የሚመስለው። ግቢው ውስጥ መሮ አለ፣ ግንበኛ አለ።»

«ሌባ ነው እንዴ የምንመስለው?» አለ ባለ ሱቁ።

ጋሼ ግን ለረጅም ጊዜ አዩኝና መሮውን ከእጃቸው ላይ መፍታት ጀመሩ። «ልክ ነው» አሉ። «ይቆይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊዬ የእረፍት ቀኗ ሆኖ ሳለ ብቻዋን መጣች። መዝገቡን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ከአክስቴ ሻይ ተቀብላ ሳትጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠችው። የሚቀረውን ድንጋይ ዙሪያውን አየች፤ ማልታው ያልተነካ መሆኑን በጣቷ ዳሰሰች፤ ፎቶ አነሳች። «ይጀመር» አለች።

አራት ጊዜ መታሁ። በአምስተኛው ድንጋዩ ድምፁ ተለወጠ። እኔና ባለ ሱቁ አንስተን ወደ ጎን አጋደምነው።

ሁላችንም አጎነበስን። ከታች ያለው የድሮ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ሁለት የገመድ ቦይ ነበረው፤ ስንት ዓመት ባልዲ የሳበው። የቀረው ፊቱ በሙሉ የተነከሰ ነበር፤ እንደ ፈንጣጣ የተጠቀጠቀ፣ ቀዳዳው ሁሉ በማልታ ብናኝ የነጣ። የመደመር ምልክት የሚመስል ነገር አልነበረም። ኃላፊዬ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ቀስ ብላ አየች።

«እኔ አላየሁም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

«ውሃ» አሉ ጋሼ።

አክስቴ ባልዲውን ለቀቀች። እስኪወርድ፣ እስኪሞላ፣ እስኪወጣ ጠበቅን። ጎንብሳ ነው የሳበችው። ውሃውን ድንጋዩ ላይ ደፋችና በብሩሽ ፈተገችው። ጋሼ ተንበረከኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በድንጋዩ ላይ ነዱት። ጣታቸው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ አልተንቀጠቀጠም፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ።

«ይህ የኔ ነው። ይህም የኔ ነው። የኔ መሮ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወጣት ሆኜ አለቃዬ በዚህ ስንት ጊዜ በጥፊ መቶኛል።» ጣታቸው በሁለቱ የገመድ ቦዮች መካከል ቆመ። «ይሄ የኔ አይደለም። ይሄ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። ማነው እዚህ ጋ የነካካብኝ?»

ኃላፊዬ ቀረብ አለች። ጋሼ በጥፍራቸው ጫሩት። ከላይ እየነከሱት ስላለፉ ግማሹ ከንክሻው ጋር ተደባልቆ አይለይም። የሚለየው አንድ ቋሚ መስመር ብቻ ነው።

«አንድ መስመር ብቻውን ምልክት አይባልም» አለች ኃላፊዬ።

«ታገሽኝ፣ ልጄ። ማልታውን ያፈሰስኩት ከነከስኩት በኋላ ነው አይደል? ጥልቅ የሆነው ሁሉ ተሞልቷል። ያ የተነሳው ድንጋይ ይገልበጥ።»

ገለበጥነው። ሥሩ ላይ ማልታው እንደ ማኅተም ተጣብቆ ወጥቶ ነበር፤ የታችኛው ድንጋይ ላይ ጉድጓድ የነበረው እዚህ ጉብታ ሆኗል። መሐሉ ላይ፣ በሁለት የገመድ ጉብታዎች መካከል፣ አንድ ቀጥ ያለ ቋሚ መስመር ነበር፤ እሱን የሚያቋርጥ ደግሞ ቀጭን አግዳሚ መስመር፤ አንድ ጫፉ ብቻ ጎድሏል።

ባለ ሱቁ የሚለው ጠፋው፤ ይህን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኃላፊዬ መዝገቡን ከፈተች። የቀድሞው ለኪ በእርሳስ የሳላት ሥዕል ነበረች፤ ሁለት የገመድ ቦይ፣ በመካከላቸው ምልክቱ፣ ከቀኙ ቦይ ስምንት ሳንቲሜትር ርቆ። በራሷ ማስመሪያ ለካች። ስምንት። ከዚያ የወጣውን ግንብ ከፍታ፣ በጠመኔ በተጻፈው ቁጥር መሠረት ድንጋዮቹን ደራርበንላት፣ ከነማልታው ለካች። ስድሳ አንድ። መለኪያዬን ተቀበለችኝና ራሷ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው።

ጢጥ አለ።

ምልክቱ ላይ አነበበች። አልነገረችንም። አወጣችው፣ አደረቀችው፣ ደግማ ለቀቀችው። ሦስት ጊዜ።

«አሥራ ሰባት ሜትር ከዘጠና አንድ» አለች። «ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል።»

«አላልኩም?» አለች አክስቴ። «ሳሙናው ነግሮኝ ነበር።»

ኃላፊዬ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስታ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። «ሰኞ ይህንን አቀርባለሁ» አለችኝ። «ቀዩን ቀለምም ጭምር።»

«ይቅረብ» አልኩ።

ሰኞ ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ። ከምዕራቡ ሰፈር የመጣ አንድ ሰው ያን ምልክቱ በማልታ የታተመበትን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው አገላብጦ፣ ዳስሶ፣ «እኔ ብሆንም አምን ነበር» አለ፤ ቀጥሎም የእነሱ ቧንቧ መቼ እንደሚሰፋ ጠየቀ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ እስካሁን የሚያጠግብ መልስ አላገኘም። የምሥራቁ ቧንቧ እንዲቀጥል ተወሰነ። የእኔ ማኅደር ውስጥም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ። ይገባኛል።

አክስቴ ወሬውን እንደሰማች ለልጇ ደወለች። «ያን መጋረጃ አውርጂው» አለቻት፤ «ልጆችሽ ይጫወቱበት ክፍሉን።» ሌላ ምንም ሳትጨምር ዘጋችው።

ግንቡን መልሰን የሠራነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጋሼ ወንበራቸውን ጉድጓዱ አጠገብ አስጠግተው ተቀመጡ፤ እጅ የሆንኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ድንጋይ ለማስቀመጥ ሦስት ጊዜ ያስነሱኛል።

«ይሄ ግንብ ነው ወይስ ትራስ ያነጠፍከው?»

«ምኑ ነው የጎደለው፣ ጋሼ?»

«ኮሌጅህን ጠይቀው!»

ከአክስቴ የጠመኔ ቁጥር አንዷን ግን አልመለስናትም። በሰሜን በኩል የአንድ ድንጋይ ስፋት ክፍት ተውን፤ የድሮው ድንጋይ ከነገመድ ቦዩ፣ ከነግማሽ ምልክቱ እንዲታይ። የደበዘዘውን አግዳሚ መስመር ኃላፊዬ ቆማ እያየች፣ መሮው ከጋሼ እጅ ጋር በጨርቅ ታስሮ፣ እኔ እየመታሁ ቀረጽነው። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ሐሙስ ሲደርስ መለኪያውን በክፍቱ በኩል ለቀቅኩ። አክስቴ ከጎኔ፣ ከፍ ባለው ግንብ ላይ፣ ቀና ብላ ባልዲዋን ትስብ ነበር። ጢጥ ሲል አነበብኩ።

«ስንት ሆነ?» አለች።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ከወንበራቸው ላይ ቀደሙኝ።

«መጀመሪያ ይጻፈው።»